እምቢ የሚላችሁን ባልንጀራ ይዛችሁ ውጡ

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ የጀርባ ቦርሳ አዝላችሁ ዓለምን የመዞር ምኞት እንዳደረባችሁ አያለሁ። የታይላንድን ደሴቶች በስልካችሁ እያያችሁ ታመሻላችሁ። ምኞቱ መልካም ነው፤ አገር ያየ ሰው ልቡ ይሰፋል። እኔ ግን ባንኮክን ከማሰባችሁ በፊት በባቡር የምትደርሱባትን ጅቡቲን እዩ እላለሁ። ባሕርም በረሃም አላት፣ በሰው አገር እንዴት እንደሚኖርም ታስተምራለች። እዚህ ጅቡቲ ከተማ ሆኜ መንገደኛ ሲመጣና ሲሄድ ስለማይ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ባልንጀራችሁን ምረጡ።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። ሁለት ሰው መድኃኒት የሚሆነው ግን ሁለቱም ሲናገሩ ነው። ያላችሁትን ሁሉ እሺ የሚል ጓደኛ ለሰፈር ጨዋታ ይመቻል፤ መንገድ ላይ ግን አንዳችሁ ስትሳሳቱ አብሮ ይሳሳታል። ስለዚህ ስትሳሳቱ እምቢ የሚላችሁን፣ እናንተም እምቢ ስትሉት የማይቀየማችሁን ሰው ምረጡ።

ይህን ለማወቅ በመጀመሪያ ስለ ገንዘብ ተነጋገሩ። ኢትዮጵያዊ ስለ ገንዘብ ከወዳጁ ጋር ማውራት ያሳፍረዋል፤ ያልተወራው ሂሳብ ግን በሦስተኛው ቀን ኩርፊያ ሆኖ ይወጣል። ለመኝታ፣ ለመኪናና ለውሃ የሚሆን የጋራ ገንዘብ እኩል አዋጡ። ሌላው ወጪ የየራሳችሁ ይሁን። ማታ ማታ ሂሳቡን ጻፉት። የጉዞው ልክ ደግሞ ትንሽ የያዘው ሰው አቅም ይሁን፤ ብዙ የያዘው ወደ ታች ይውረድ እንጂ ትንሽ የያዘው ተበድሮ አይከተል። ጅቡቲ ርካሽ ከተማ አይደለችም። የአገሩ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዶላር 177.7 ግድም ላይ ረግቶ የቆመ ነው። ገበያው ዳር ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ይዘው የተቀመጡ መንዛሪ ሴቶች ታገኛላችሁ፤ አንዳችሁ ስትመነዝሩ ሌላችሁ ቁሙና ቁጠሩ።

መንገዱ ለወገናችሁ የቆየ ነው። አጼ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። የዛሬው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ከ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል 750 ኪሎ ሜትር ግድም ይጓዛል፤ የጅቡቲው ጣቢያ ናጋድ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የሚነሣበትን ቀን ቀድማችሁ አጣሩ። የመግቢያ ፈቃዱን ነገር ከኤምባሲው ጠይቁ። የፓስፖርታችሁን ቅጂና የቤተሰባችሁን ስልክ ተለዋወጡ።

ከተማዋ እንደ ደረሳችሁ አታስቸግራችሁም። መሐል ላይ ያለውን አደባባይ ሕዝቡ ዛሬም በምኒልክ ስም ይጠራዋል፤ የመንግሥት ስሙ ግን የነጻነቱን ቀን፣ ጁን 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ.ን የያዘ ነው። አማርኛ የሚሰማ ሰው አታጡም። ቢሆንም በሰው ቤት ናችሁ። ቤቱ የሶማሊና የአፋር ነው፣ ሃይማኖቱ እስልምና ነው፤ ሰላምታ አስቀድሙ፣ አለባበሳችሁን አስተካክሉ፣ በረመዳን ቀን በአደባባይ አትብሉ። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣልያንና የቻይና ጦር እዚህ ሰፍሯል፤ ወደቡንና ሰፈሮቹን ፎቶ ማንሣት ችግር ውስጥ ይከታል። ባልንጀራችሁ ስልኩን ሲያነሣ እጁን ያዙት። የመጀመሪያው ትንሽ እምቢታ ይህ ነው።

ማታ የየመን ዓሣ ቤት ግቡ። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ የጋለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይወርዳል። ፊቱ ጠቁሮ፣ ሥጋው ነጭ ሆኖ ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። አንዱ ዓሣ ለሁለት ይበቃል። ዋጋውን ግን ከመጠበሱ በፊት ጠይቁ።

ትልቁ ፈተና ሙቀቱ ነው። በክረምቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ኑ። ያኔ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ሰው የማይነካው ግዙፍ ዓሣም ይታያል። ጉዳያችሁን በጠዋት ጨርሱ፤ ከቀትር በኋላ ከተማው ራሱ ያርፋል። በዚያ ሰዓት አትጨቃጨቁ። ውሃ ጠጡ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ቅሬታችሁን ማታ ከእራት በኋላ አውሩት። አንዳችሁ ከታመማችሁ ጉዞው ለሁለታችሁም ይቁም።

አሳል ሐይቅን ሳታዩ አትመለሱ። ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ምድር ነው። ውሃው አረንጓዴ፣ ዳሩ ነጭ ጨው ነው፤ ጨው አንዳንድ ቦታ እንደ እንቁላል ክብ ሆኖ ተበትኖ ይገኛል። የጨው ጠርዝ እግር ስለሚቆርጥ፣ ውሃውም ከባሕር አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ሆኖ ቁስል ስለሚያቃጥል፣ ጫማችሁን አታውልቁ፤ ከመጠጡ ሌላ የመታጠቢያ ውሃ በጄሪካን ያዙ። መንገዱን የሚያውቅ የአገሬው ሾፌር ቅጠሩ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። ሾፌሩ ዛሬ አይቻልም ካለ አይቻልም፤ ገንዘብ ጨምራችሁ አታስገድዱት።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ከታጁራ ማዶ፣ በሰሜን፣ ኦቦክ የምትባል ከተማ አለች። ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች በዚያ በኩል ወደ የመን ይሻገራሉ። በ2016 ዓ.ም. ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ባሉት ጥቂት ቀናት ስደተኞችን ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲመልሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች እዚያው ባሕር ላይ ተገለበጡ። በመጀመሪያው ብቻ ሕፃናት ጭምር 38 ሰዎች ሞቱ። የሞቱት ወገኖቻችን ናቸው። አልሰደባቸውም፤ ችግር ያወጣቸው ናቸው። እናንተ ግን ለማየት ወጥታችሁ ሳለ፣ ገንዘብ ሲያልቅና ልብ ሲሞቅ አንድ ደላላ ጠጋ ብሎ "ሪያድ እኮ ቅርብ ናት" ይላችሁ ይሆናል። ባልንጀራችሁም "እንሞክረው" ይል ይሆናል። ያኔ የሚያድናችሁ በገንዘቡና በፎቶው እምቢ መባባልን መልመዳችሁ ነው። በትንሹ እምቢ ያልተባባሉ ሰዎች በትልቁ አይችሉም። ባልንጀራችሁን ከመከተል እጁን ይዛችሁ ወደ ናጋድ ጣቢያ መልሱት።

እንግዲህ ሂዱ፤ ወጣትነት ለመንገድ የተሰጠ ጊዜ ነው። ጅቡቲን በደንብ አይቶ ከባልንጀራው ጋር ተፋቅሮ የተመለሰ ሰው ታይላንድም ቢሄድ አያሳፍርም። ዛሬ ማታ ግን አብሯችሁ ሊሄድ ያሰበውን ልጅ ጥሩና ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ምን ያህል ገንዘብ አለን? የቱን ነገር አናደርግም? ብንታመም ምን እናደርጋለን? በእነዚህ ላይ ካልተስማማችሁ አብራችሁ አትውጡ። ከተስማማችሁ እግዚአብሔር ይከተላችሁ።