ጉድለት ደብቀን አንጹም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የቤተ ክርስቲያን ልጆች፣ የዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ በቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ «ምኩራብ» ተብሎ ይጠራል። ጌታችን ወደ ቤተ መቅደስ ገብቶ የሚሸጡትን ከነከብቶቻቸው ማስወጣቱ፣ የለዋጮችንም ገበታ መገልበጡ ይነበብበታል (ዮሐ. 2፥13-17)። ይህን ወንጌል ስንሰማ ብዙዎቻችን «በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መነገድ አይገባም» ብለን እናልፋለን። እውነት ነው፣ አይገባም። ነገር ግን ሐዋርያው የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እኛው ራሳችን መሆናችንን አስተምሮናል (1ኛ ቆሮ. 3፥16)። እንግዲያውስ ጌታ ወደ እኛ ቢገባ የሚገለብጠው ገበታ አያገኝም ትላላችሁ? ዛሬ ከብዙዎቹ ገበታዎች ስለ አንዱ እንነጋገር፤ እርሱም ያገለገለ መኪና ሽያጭ ነው።

«ዲያቆን፣ መኪና ከጾም ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ግን ነገሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ከዓለም ገና፣ ከአሸዋ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ማዶ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሥራ የሚገባ ሰው የታክሲ ሰልፍ ሲያንገላታው «አንድ አሮጌ መኪና እንኳ ቢኖረኝ» ብሎ ይመኛል። ግማሹም ሠርቶ ሊያድርበት ነው የሚገዛው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ሰማይ ነክቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንድ ቤተሰብ የዓመታት ዕቁቡን፣ የሚስቱን ወርቅ፣ ከዘመድ የተበደረውን ሁሉ አንድ ቀን ለአንድ ሰው ይቆጥራል። ያ መኪና ጉድለቱ ተደብቆ የተሸጠ ከሆነ የፈረሰው ሞተር ብቻ አይደለም፤ ቤት ነው።

አንድ የቡራዩ ወንድማችን ባለፈ ዓመት በጾሙ መጀመሪያ ወደ እኔ መጣ። መኪና በደላላ ገዝቶ ነበር። ሻጩ «በማርያም እልሃለሁ፣ እንከን የለውም» ብሎ ምሎለታል። የእመቤታችን ሥዕልም መስተዋቱ ላይ ተሰቅሎ ስለ ነበር ልቡ አመነ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወደ ሱሉልታ ለለቅሶ ሲሄድ እንጦጦ ዳገት ላይ ውኃው ፈላ፣ መኪናው ቆመ። መካኒኩ ሲፈታው ቴስታታው ቀድሞ ተሰንጥቆ በማጣበቂያ ተደፍኖ ኖሯል። ሻጩ ስልክ አያነሣም። ደላላው ግን መፍትሔ ነገረው፦ «ምን ያስጨንቅሃል? አንተም አስደፍነህ ሽጠው። ጠዋት በቀዝቃዛው አስነሣለት፣ ዳገት አታስወጣው።» ገዢም ተገኝቷል፤ የሰበታ ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት።

«እኔኮ አልዋሸሁም፣ ተዋሽቶብኝ ነው» አለኝ። «ገንዘቤን ብመልስ ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው? ንገረኝ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቶሎ አልመለስኩለትም። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፤ ዕዳውንም አውቃለሁ። «አትሽጥ» ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ የምከፍለው እኔ አይደለሁማ! ወደ ነፍስ አባቱ ወሰድኩት፤ ሦስታችን ተቀምጠን ዘሌዋውያን 19ን አነበብን። በዚያ ምዕራፍ እግዚአብሔር ባልንጀራችንን እንዳናታልል፣ በስሙም በሐሰት እንዳንምል ያዝዛል። ከዚያ አስከትሎ በዕውር ፊት ማሰናከያ እንዳናኖር ያስጠነቅቃል (ዘሌ. 19፥11-14)። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ለአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ መንገድ የማያሳልፍ፣ እጁን ይዞ የማያሻግር የሰበታ ሰው ማን ነው? በመንገዱ ላይ ድንጋይ የሚያስቀምጥ ቢገኝ አገር ይጮህበት ነበር። ስለ ሞተር ምንም የማያውቅ ገዢስ በዚያች ሰዓት ዕውር አይደለም ወይ? አባታችን ይህን ሲናገሩ ወንድማችን አንገቱን ደፋ። «የተደናቀፍኩበትን ድንጋይ አንሥቼ ለሌላው ላስቀምጥ ነበር» አለ።

ወገኖቼ፣ ክፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክፉ መኪና ብቻውን ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም፤ ኃጢአቱም አብሮት ይሄዳል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 27 ኃጢአት በመሸጥና በመግዛት መካከል ካስማ በድንጋይ መካከል እንደሚጣበቅ ያህል መጣበቋን ይነግረናል። ካስማውን ነቅሎ የሚጥል አንድ ሰው ያስፈልጋል። የሚነቅለውም አንዳንድ ጊዜ በዳዩ ሳይሆን ተበዳዩ ነው።

አንተ ሻጭ የሆንህ ወንድሜ፣ ሥጋና ወተት ትተሃል፤ መልካም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያስመለስህ ግን ሐሰተኛ ሚዛን ይዘህ ቆመሃል፤ ነቢዩ አሞጽ የገሠጻቸው ሰንበት እስኪያልፍ የቸኮሉት ነጋዴዎችም ያን ሚዛን ነው የያዙት (አሞ. 8፥5)። በኦሪት ተዋጊ በሬውን እያወቀ ያልጠበቀ ሰው ጉዳቱን ይከፍላል (ዘጸ. 21፥36)። ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቅህ ለእንጦጦ ቁልቁለት ሰው ከሸጥህማ የሸጥኸው ተዋጊ በሬ ነው። «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ ብሎ ፈርሟል» አትበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ጉድለቱን አውቆ በተንኰል የደበቀ ሻጭ በእንዲህ ያለ ቃል እንዲያመልጥ አይፈቅድም። የምድሩ ሕግ ካልፈቀደ የሰማዩ ዳኛ እንዴት ይፈቅዳል? ከዚያ ገንዘብ ቆርሰህ ስእለት ብታስገባም ጌታ ከዘኬዎስ የተቀበለው ለተበደሉት መመለስን ነው (ሉቃ. 19፥8)።

አንተ ደላላ፣ እንጀራህ ነውርና እርም አይደለም፤ ሻጭና ገዢን ማገናኘት ሥራ ነው። ነገር ግን አውቀህ ዝም ያልህበት ጉድለት፣ ከኮሚሽንህ ጋር ኪስህ ይገባል።

አንተም ገዢ፣ ንጹሕ ነኝ አትበል። መልካሙን ዕቃ «አይረባም» እያልህ አጣጥለህ፣ ገዝተህ ስትሄድ የምትኩራራ ከሆነ መጽሐፈ ምሳሌ ያውቅሃል (ምሳ. 20፥14)። ደግሞም ሞኝነትን እምነት አታድርገው። ሥዕል ተሰቅሎ አየሁ፣ ማርያምን ሲል ሰማሁ ብለህ ገንዘብ አትቍጠር። የምታምነውን መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ ዳገት አስወጣው፤ ሊብሬውን ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ጋር አመሳክር። ጉድለት ካገኘህ ሳትዘገይ ለሻጩ አስታውቅ፤ ሕጉም የሚልህ ይህንኑ ነው።

ጠብ ቢነሣስ? ጌታችን መንገዱን አሳይቶናል (ማቴ. 18፥15-17)። መጀመሪያ ብቻህን ሄደህ ንገረው። እምቢ ካለ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ያዝ። ያም ካልሆነ በቤተ ክርስቲያን አባቶች ፊት ይታይ። ፍትሐ ነገሥታችን ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ ያለው፣ ገበያው ከነፍስ ጉዳይ ውጭ ስላልሆነ ነው። የግድ ሆኖ ፍርድ ቤት ብትሄድም መብትህን ጠይቅ እንጂ በልብህ ሰው አትግደል። ኢሳይያስ ለጥልና ለክርክር የሚጾሙትን ጾማቸው ወደ ላይ እንደማይሰማ ነግሯቸዋል (ኢሳ. 58፥4)።

የዚያ ወንድማችን ነገር ምን ሆነ? ለሰበታው ሰው ደውሎ እውነቱን ነገረው፤ ሰውየውም አመስግኖ ሳይገዛ ቀረ። መኪናውን ጉድለቱን ተናግሮ በርካሽ ለጋራዥ ሸጠ። ሻጩ በሽማግሌ ብዛት ከፊሉን መለሰ፤ የቀረውን እስከ ዛሬ አላገኘም። ዕዳውን አሁንም ይከፍላል፤ ጠዋትም እንደ ቀድሞው ታክሲ ይሰለፋል። «ተካሰ» ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ይሆናል። የማውቀው በትንሣኤ ሌሊት ከልጆቹ ጋር መቍረቡን ነው። በሰበታ አንድ የሦስት ልጆች አባትም ያለ ዕዳ መፈሰኩን አውቃለሁ።

እናንተስ? ቤታችሁ በር ላይ ልትሸጡት የቆመ ነገር፣ እናንተ ብቻ የምታውቁት ጉድለት የለበትም? ጾሙ ሳያልቅ ስልክ አንሡና ተናገሩ። መባችንን ከማቅረባችን በፊት ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ ታዘናልና (ማቴ. 5፥23-24)።

የምኩራቡ ጌታ የልባችንን ገበታ ገልብጦ ያንጻልን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።