ኮቴዋን አይተሃል?

በፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ሲሉ ከተደረደሩት ወርቅ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ አንድ ወርቅ ሠሪ ነበር። ሰው ቀለበት ይዞ ሲመጣ ዐይኑን አያምንም። በጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ያሸዋል፤ በቀረው ቢጫ መስመር ላይ አሲድ ጠብ ያደርግና ይጠብቃል። መስመሩ ከጠፋ ቀለበቱን ይመልሳል፣ ካልጠፋ ይመዝናል። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲሠራ አንድም ቀን መዳብ በወርቅ ዋጋ አልገዛም።

ይህ ሰው መኪና ሊገዛ ተነሣ። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። እናትና አባቱ የሚኖሩት ከደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ገባ ባለ መንደር ነው። እሱ በአውቶቡስና በእግሩ ሲመላለስ ኖሯል፤ ልጆቹ ግን አያታቸውን የሚያውቋት በስልክ ድምፅዋ ብቻ ነው። ስምንት ዓመት ብር ያጠራቀመው ይህ ስለሚከነክነው ነበር።

ወሬው በወርቅ ቤቶቹ ሲሰማ ሁሉም መካሪ ሆነ። አንዱ «ቪትዝ ግዛ፣ ቤንዚን አትፈጅም» አለው። ሌላው «ኮብራ ካልያዝክ ማን ያከብርሃል» አለው። በመጨረሻ አንድ ደላላ ነጭ የቤት መኪና ይዞለት መጣ። ቀለሟ አሁን የታጠበ ሳህን ይመስላል፤ ሊብሬዋ ንጹሕ፣ ወንበሯ ቆዳ። ወርቅ ሠሪው ከፒያሳ በራስ መኰንን ድልድይ አድርጎ አራት ኪሎ ደርሶ ተመለሰ። ሞተሯ መነሣቱም አይሰማም። ወደዳት፤ ያን ቀን ዐይኑን አመነና ከፈለ።

ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ አምስቱም ተነሡ። ስኳሩ፣ ቡናው፣ ለእናቱ የተገዛው ብርድ ልብስ ከኋላ ተጫነ። የመኪናዋ ወገብ በጓዙ ዝቅ ማለቱን ያስተዋለ የለም። እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር እየዘፈኑ ሄዱ።

ከአስፋልቱ ሲወጡ በመጀመሪያ ኮረኮንች መጣ፣ ቀጥሎ መረሬ። ክረምቱን የጭነት መኪና ጎማ የቆፈራቸው ሁለት ቦዮች፣ በመካከላቸው ደግሞ ሣር የበቀለበት ጉብታ አለ። ጎማዎቹ ቦዩ ውስጥ ሲገቡ ጉብታው የመኪናዋን ሆድ ይፍቅ ጀመር። ልጆቹ ሳቁ። ሚስቱ «ምንድን ነው የሚፋቀው?» አለች። «ሣር ነው» አላት። ወንዙ አፋፍ ላይ የተሰማው ድምፅ ግን የሣር አልነበረም።

ወርዶ ተንበርክኮ አየ። ከሞተሩ ሥር ጥቁር ዘይት እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። በመታት ድንጋይ ላይ ከብረቷ የተላጠ ብርማ መስመር ቀርቷል፤ እሱ ሱቁ ውስጥ ቀለበት ሲያሽ እንደሚቀረው ያለ መስመር። ጣቱን አሳረፈበትና ዝም ብሎ ቆየ።

ሊመሽ ሲል አባቱ በቅሏቸውን እየሳቡ፣ ገመድ የያዙ ጎረምሶች አስከትለው ደረሱ። ሁለቱን ትንንሾች በቅሎዋ ላይ አወጧቸው። በቅሎዋ ወንዙ ውስጥ ስትገባ የፊት እግሯን ታሳርፍና ድንጋዩ ይነቃነቅ እንደሆነ ትጠብቃለች፤ ሲጸናላት ክብደቷን ትጥላለች። እንዲህ እያለች አሻገረቻቸው። አያት ደጅ ላይ ፋኖስ ይዘው ቆመው ነበር።

በማግስቱ አባትና ልጅ መኪናዋን ሊያዩ ወረዱ። ሽማግሌው ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ከሆዷ ሥር አስገቡና በስንዝር ለኩ። አልሞላም።

«ልጄ፣ ወርቅ ሲያመጡልህ በምን ታውቀዋለህ?»

«በድንጋይ ነው አባባ።»

«ይችንስ በምን አወቅሃት?»

መልስ አላገኘም።

«እኔ ያችን በቅሎ ስገዛ መጀመሪያ ኮቴዋን አንሥቼ አየሁ። ጥርሷን አየሁ። ከዚያ ጭነት አስጭኜ ቁልቁለት አስወረድኳት። መልኳን ልብ ያልኩት ከፍዬ ወደ ቤት ስመለስ ነው። አንተ የይችን ኮቴ አይተሃል? ስትገዛት በልብህ የነበረው የትኛው መንገድ ነው?»

«የፒያሳው» አለ ወርቅ ሠሪው።

ነጯ መኪና ተጠግና በኪሳራ ተሸጠች። ወርቅ ሠሪው አራት ወር ሲፈልግ ከርሞ አንዲት ያረጀች ደብል ገቢና ፒካፕ አገኘ። ሞተሯ ይጮኻል፣ የፊት ወንበሯ ተቀዷል። ከመክፈሉ በፊት ሚስቱንና ልጆቹን አስገባ፣ ከኋላ ሁለት ኩንታል አሸዋ ጫነ፣ ከዚያ ተንበርክኮ ሆዷን በስንዝር ለካ። ጎረቤቶቹ «ምነው፣ ወደ ኋላ ሄድክ?» አሉት። በሐምሌ እናቱ ታመሙ። ፒካፗ ያንኑ ወንዝ ተሻግራ፣ ራሳቸውን በምራታቸው ጭን ላይ እንዳስደገፉ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው።

ምሳሌው ይኸው ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ነጯ መኪና መጥፎ አለመሆኗ ነው። ከፒያሳ አራት ኪሎ ለሚመላለስ ሰው መልካም መኪና ነበረች። መኪና የምንመርጠው ሰው በሚያይልን አስፋልት ላይ ሆነን ነው፤ ቤተሰባችን የሚፈልጋት ግን ማንም በማያየን በመጨረሻዎቹ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው።

አያቶቻችን ይህን አይስቱትም ነበር። በ1923 ከጊዮርጊስ ፊት የቆመው የምኒልክ ሐውልት በፈረስ ላይ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር ፈረስ ሲመርጥ አይቸኩልም። የመጀመሪያው መኪና የመጣውም በምኒልክ ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ በጅቡቲ በኩል፣ መንገድ በሌለበት ወራት ፈጅቶ መኪናውን አዲስ አበባ አደረሰ። ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እዚህ አገር መኪና ከመንገዱ ቀድሞ ነው የገባው። በ2003 የተጀመረው የገጠር ቀበሌዎችን በመንገድ የማገናኘት ፕሮግራም ብዙ መንደር አድርሷል፤ ከነዚያ መንገዶች አብዛኞቹ ግን ጠጠርና አፈር ናቸውና ክረምት ሲመጣ ይፈተናሉ።

ስለዚህ የሽማግሌውን ጥያቄዎች ወደ መኪና ልመልሳቸው። ኮቴዋ ጎማዋና የሆዷ ከፍታ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ፎርዊል መሆኗ ብቻ ይበቃል ብሎ ያስባል። ፎርዊል ከጭቃ ያወጣል እንጂ ሆድን ከድንጋይ ከፍ አያደርግም። ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራዋ ነውና ባዶዋን ቆማ የተለካች መኪና አልተለካችም። ጥርሷ ዕድሜዋ ነው፤ ከቀለሙ ሥር፣ ሻንሲው ላይ ዝገትና ብየዳ መኖሩን የሚያይ መካኒክ ይዞ መሄድ ይገባል። ቶዮታ በገጠር የተወደደው በስሙ ብቻ አይደለም፤ ባሌስትራው ቢሰበር ወይም ፍሪሲዮኑ ቢበላ መለዋወጫውና የሚያውቀው መካኒክ በየወረዳው ከተማ ስለሚገኝ ነው። ርካሽ ሆና መለዋወጫዋ ከአዲስ አበባ የሚጠበቅላት መኪና ዋጋዋ ርካሽ አይደለም።

ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ የዛሬው ገዢ ምርጫ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ የሰጠውን እረፍት አልክድም፤ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ለገጠሩ ግን ሁለት ነገር ይጠየቅ። የአብዛኞቹ ባትሪ ከወለሉ ሥር ተዘርግቶ የሚቀመጥ ነውና ድንጋይ ሲመታ የሚያገኘው የመኪናዋን ውዱን ዕቃ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መብራት ነው፤ ወላጆቻችሁ ቤት መብራት ከሌለ ወይም ሲጠፋ ሳምንት የሚቆይ ከሆነ፣ የመመለሻውን መንገድ ጭምር የሚበቃ ኃይል ይዛችሁ መድረስ አለባችሁ። ይህን ስሌት ከመግዛት በፊት በወረቀት መሥራት ይቻላል።

ስለ ኮብራውም ልበል። ጠንካራ ነው፣ ወንዙንም ይሻገራል። ነገር ግን ነዳጁንና ጥገናውን የማይችል ሰው ቢገዛው በዓመት አንዴ ካልሆነ ከግቢ አያወጣውም፤ አያትየዋም መልሳ በስልክ ትቀራለች። አቅምም እንደ ወንዙ የመንገዱ አካል ነው።

መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ደላላው ጋ ከመደወላችሁ በፊት ወላጆቻችሁ መንደር ድረስ በሐምሌና በነሐሴ የሚመላለሰውን ሹፌር አፈላልጋችሁ ደውሉለት። የቱ ድንጋይ እንደሚመታ፣ ወንዙ ስንት ቀን እንደሚሞላ፣ በየትኛው መኪና እንዳለፈና የትኛው ተጎትቶ እንደወጣ እሱ ይነግራችኋል።