«ኖር» ለማን?

ሰው ሲገባ ከመቀመጫችን ብድግ ብለን «ኖር!» እንላለን። እሱም «በእግዜር!» ብሎ ይመልሳል። ለመሆኑ ይህ ክብር ለማን ነው? ለሰውየው ነው ወይስ ለሚይዘው ወንበር?

ቋንቋችን መልሱን አስቀድሞ የሰጠ ይመስላል። ዘውድ የሚጠብቀውን «አልጋ ወራሽ»፣ የማኅበሩን አለቃ «ሊቀ መንበር» ይላል። ሥልጣንን በቤት ዕቃ ስም ከጠራን፣ ዕቃው የሰውን ክብር ቢወስድ ምን ይገርማል?

የጋና አሻንቲዎች ነገሩን በሌላ መንገድ ፈትተውታል። የሕዝቡ ነፍስ ያረፈበት ነው በሚሉት የወርቅ በርጩማ ላይ ንጉሡም እንኳ አይቀመጥበትም። በ1892 ዓ.ም. የእንግሊዙ ገዥ ሆጅሰን ልቀመጥበት ባለ ጊዜ፣ በያ አሳንቴዋ መሪነት ጦር አነሡ። በጦርነቱ ተሸነፉ፤ በርጩማውን ግን አላስረከቡም።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የእድር አግዳሚ ወንበር አለ። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ውስጥ ይደረደራል፤ ባለሱቁም የቀን ሠራተኛውም ትከሻ ለትከሻ ይቀመጥበታል። የማንም የግል ስላልሆነ የሁሉም ነው። የወርቅ ባይሆን የጣውላ አለን ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ዕዳ አለብን። ሰበታን አቋርጦ በሚሄደው የጅማ መንገድ የሚመጣውን ባለሦስት እግር በርጩማ ተመልከቱ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ሚስማር የለው፣ መጋጠሚያ የለው። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚጠርበው እጅ ግን በብዙ የአገራችን ክፍል ሲናቅ ኖሯል። በጉራጌ የቤቱን ምሰሶ የሚጠርበው ባለሙያ የእርሻ መሬት እንዳይዝ ተከልክሎ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ አፍን ከለከለ፤ ለባለ እጁ ከወንበሩ ብድግ የሚል ግን አልፈጠረም።

«ልማድ ነው፣ ምን ይደረግ?» የሚል አይጠፋም። ኧረ «ኖር» ማለትስ ልማድ አይደለም እንዴ? ማንም ሳያስገድደን፣ ዐዋጅም ሳይነገር፣ በየቀኑ እናደርገዋለን። ባለመኪና ሲገባ መነሣት የሚያውቅ ጉልበት፣ መጥረቢያ ለያዘ ሰው መነሣት አያቅተውም።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ በርጩማውን የጠረበው ሰው በራችንን ሲያንኳኳ፣ እሱ በጠረበው ላይ የተቀመጥነው እኛ «ኖር!» እንለው ይሆን?