ሹመት ያዳብር

ሰው ሲሾም ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፦ «ሹመት ያዳብር!» ሰው ሲመረጥስ? እስኪ አስቡት። እኔ ሁለት ሳምንት አስቤ አላገኘሁም። «እንኳን ደስ አለህ» እንላለን፤ እሱ ግን ለልደትም ለምረቃም ይሆናል። ለተሿሚ የራሱ ምርቃት አለን፣ ተረትም አለን። (ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ስለ ሹመት የምናውቀው ተረት ዞሮ ዞሮ ስለ መብላት ነው።) ለተመራጭ ግን ቃል አላዘጋጀንም።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ሳንሱሲ፣ እኛ ሰፈር ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ክረምት ላይ አያስኬድም። ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ኮብልስቶን ይነጠፍ ሲባል ኮሚቴ ተመረጠ። ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ፤ ሌላ ችሎታ ኖሮኝ ሳይሆን አማርኛ ታይፕ ማድረግ ስለምችል። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ። ጎረቤታችን ጋሼ ጨብጠውኝ «ሹመት ያዳብር!» አሉኝ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ወር ሳይሞላ ለስብሰባ ተጠራን። ገንዘቡ ለእኛም ከእኛ በታች ላለው መንደርም አንዴ አይበቃም፤ ማን ይቅደም? የላኩኝ ሰዎች አቋም ግልጽ ነበር፦ እኛ። ግን የታችኛውን መንደር አይቼዋለሁ። ጎርፉ ቤት ድረስ ይገባባቸዋል፤ የአልጋውን እግር በብሎኬት ከፍ አድርገው የሚተኙ ሰዎች አሉ። የእኛ ጭቃ ጫማ ያበላሻል እንጂ አልጋ አያርስም። ድምፅ ሲሰጥ እጄን ለእነሱ አወጣሁ።

ማታ ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እኛ እኮ የላክንሽ እንድታስቢልን አይደለም። እንድትናገሪልን ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን የኔና የጋሼ ብቻ አይደለም። በ1774 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኤድመንድ በርክ ለብሪስቶል መራጮቹ ፓርላማ የምገባው የእናንተን ትእዛዝ ላደርስ ሳይሆን በራሴ ፍርድ ልሠራ ነው አላቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ እንደማያሸንፍ ሲያውቅ ከውድድሩ ወጣ። ብሪስቶልም ጋሼዎች ነበሩበት ማለት ነው። የእኛ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 54 የፓርላማ አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፣ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ይገዛል ይላል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ትንሽ ዝቅ ስትሉ፣ መራጮቹ አመኔታ ካጡበት ከቦታው ሊነሳ ይችላል። ሕሊናም ጋሼም አንድ አንቀጽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ሲጣሉ ማን ያሸንፋል የሚለውን ግን አይነግራችሁም።

በዚህ መሀል ነው ስለ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ማንበብ የጀመርኩት። ከንቲባም ሕግ አውጪም የነበሩ ሰው ናቸው፤ ለሁለቱም የመረጣቸው ሕዝብ ግን የለም። በሚሲዮናውያን እጅ ተምረው ያደጉ፣ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ምኒልክ የጎንደር ከንቲባ አደረጓቸው። በ1911 ዓ.ም. አሜሪካ በሄደው የኢትዮጵያ ልዑክ ውስጥ ነበሩ። ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ደግሞ ኃይለ ሥላሴ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል አድርገው ሾሟቸው። በዘመናቸው ለውጥ ከሚፈልጉት ምሁራን አንዱ ስለነበሩ፣ ከብዙ የዛሬ ተመራጭ ይልቅ ለሕዝቡ አስበው ይሆናል። ግን በሥራቸው ቅር ተሰኝቶ ሊያወርዳቸው የሚችለው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ዙፋን ላይ ነው።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በዚህ በኩል ግልጽ ነው፤ አያፍርም። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጡለታል ይላል። «እስኪችል ድረስ።» ይቺን ሳነብ ደነገጥኩ። ያን ቀን እጄን ሳወጣ ለጋሼ የነገርኳቸው ይህንኑ አልነበረም? እርስዎ ማየት እስኪችሉ ድረስ እኔ አይልዎታለሁ።

በአስኮ፣ በሳንሱሲ፣ በቡራዩ አልፎ ወደ አምቦ የሚሄደው መንገድ መናገሻን ያቋርጣል። የከንቲባ ገብሩ ልጅ ስንዱ ገብሩ የተወለዱት በዚያው በመናገሻ አካባቢ ነው። ጣልያን አዚናራ ደሴት አስሯቸዋል፤ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆኑ። ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጥ ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፤ የመጀመሪያዋ ሴት። አባት ተሹመው፣ ልጅ ተመርጠው፤ ከአንድ ቤት። ፓርላማው ጥርስ ነበረው እያልኩ አይደለም፤ ፓርቲ የለም፣ የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነው፣ የአባትየው ምክር ቤት አባላትም እስከ መጨረሻው ይሾሙ ነበር። ግን ወይዘሮ ስንዱ «እምቢ» ሊላቸው ለሚችል ሕዝብ ቆመው መናገር ነበረባቸው። አባታቸው ይህ አልገጠማቸውም።

እኔም ይህን ነበር የዘለልኩት። ድምፄን ዛሬም አልቀይረውም፤ አልጋው በብሎኬት ላይ ነው። ነገር ግን የጎርፉን ነገር ከስብሰባው በፊት ለላኩኝ ሰዎች አልነገርኳቸውም። ይጮሁብኛል ብዬ ፈርቼ ነው፤ ስሙን ሕሊና ያልኩት በኋላ ነው።

እሁድ ሰፈሩን ሰበሰብኩ። ቃለ ጉባኤውን አነበብኩላቸው፣ በስልኬ ያነሳሁትን የታችኛውን መንደር ፎቶ አዞርኩ፣ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሌላ ምረጡ ወይ እኔን መልሱኝ አልኩ። ብዙ ተጮኸ። አንድ እናት ፎቶውን ደጋግመው አዩት። ሌላው ስልኩን ሳያይ አሳለፈው። ድምፅ ሲቆጠር በሦስት ሰው ብልጫ ተመለስኩ።

ጋሼ እጃቸውን አላወጡልኝም። ሲወጡ ግን አጠገቤ ቆም አሉ። «ሹመት ያዳብር» አላሉኝም። «የኛ ተራ ሲደርስ፣ አደራ» አሉኝና ዱላቸውን ይዘው ወደ ጭቃው ወረዱ።