«እኔን!» ማለት ጥፋት ማመን ነው?

ሚኒባስ ታክሲ ያለ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይከለክለዋል። የሰው ራስ ላይ ኬሚካል የሚቀባ ባለሙያስ? እኔ በማውቃቸው ፀጉር ቤቶች «ኢንሹራንስ» ሲባል ሁሉም የሚያስበው መኪና ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። አንዳንድ ሪላክሰር ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ነው። ከተወሰነለት ደቂቃ በላይ ከቆየ ቆዳ ይልጣል። የፀጉር ቀለም ደግሞ 48 ሰዓት ቀደም ብሎ ትንሽ ቆዳ ላይ እንዲሞከር ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ነገ ሰርግ ያለባት ልጅ ግን 48 ሰዓት ከየት ታመጣለች? (ማሸጊያውን የሚያነበውስ ማነው?)

አንዲት ጓደኛዬ ሪላክሰር ስትቀባ ራሷ ተቃጠለ። ሠሪዋ ውሃ እያፈሰሰችላት «እኔን! እኔን!» ትል ነበር። የቤቱ ባለቤት ስትመጣ ዝም አለች። ቀጥሎ የሰማነው «ድሮም ቁስል ነበረሽ» የሚል ሆነ። ጓደኛዬን ከቃጠሎው ይልቅ ያመማት ይሄ ንግግር ነው። ሠሪዋ ክፉ ሰው አትመስለኝም። በፐርሰንት የምትሠራ ልጅ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብትል የሕክምናውን ወጪ በምን ትከፍላለች? እውነት መናገርም አቅም ይጠይቃል።

ሕጉ ሙሉ በሙሉ አልረሳትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ በአንቀጽ 2130 ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውንም ተጠያቂ ያደርጋል። የሞራል ካሳን ግን አንቀጽ 2116 በ1,000 ብር ገድቦታል። ዛሬ በዚህ ብር ስንት ነገር ይሠራል?

ስለዚህ ፀጉር ቤቶች ኢንሹራንስ ይግቡ የምለው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም። ዕዳውን ሌላ ከተሸከመላት ልጅቷ የምትዋሽበት ምክንያት ይቀንሳል። «ኢንሹራንስ ካለማ ግድየለሽ ይሆናሉ» የሚል ክርክር ብዙም አያሳምነኝም፤ ከፋዩ ኩባንያ የቆዳ ሙከራው መደረጉን ሊጠይቅ ይችላል፣ ደንበኛ ግን ስንቴ ጠይቃ ታውቃለች?

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የኃላፊነት ኢንሹራንስ ውሎች ብዙ ጊዜ «ከኩባንያው ፈቃድ ውጪ ጥፋት እንዳታምን» የሚል ግዴታ አላቸው። እና ድህነት ያስዋሻት ልጅ አሁን ደግሞ በውል ዝም ልትል ነው። እንግሊዞች ይሄ ጣጣ ስለገባቸው ይመስለኛል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት የካሳ ሕግ ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ቸልተኝነትን እንደ ማመን እንደማይቆጠር ጻፉ።

እኛ ግን ለዚህ ከሕግ የቀደመ ቃል አለን። «እኔን!» ጥፋት ማመን አይደለም። መንገድ ላይ ድንጋይ ያደናቀፈውን የማናውቀውን ሰው እንኳ «እኔን!» እንለዋለን፤ ድንጋዩን ያስቀመጥነው እኛ ሆነን አይደለም። ጉዳቱ በኔ ይሁን ማለት ነው። ያቺ ልጅ ቃሉን ያወጣችው ሳታስብ ነው፤ የዋጠችው ግን አስባ ነው።

ለፀጉር ቤቶች የሚሆን ውል አርቅቅ ብባል መጀመሪያ የማስገባው መስመር ይሄ ነው፦ ባለሙያዋ ደንበኛዋ ስትጎዳ «እኔን!» በማለቷ፣ አጥባ በመንከባከቧ፣ ሐኪም ቤት አብራ በመሄዷ የኢንሹራንስ መብቷን አታጣም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ይጣራ።