ከክፉ ቀን የተረፈችው

እስቲ ወደ ላይ ቁጠሩ፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት። ብዙዎቻችሁ ቅድመ አያት ላይ ስትደርሱ ስሙ ይጠፋችኋል። በእናት በኩል ከቆጠራችሁማ ከዚያም በፊት። በደብረ ታቦርና በዙሪያው የነበሩ ሽማግሌዎች ግን ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር፤ ምክንያታቸውም ሁለት ነው። አንደኛው ጋብቻ ነው፤ ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ። ሁለተኛው ርስት ነው፤ መሬት የሚጠየቀው ከመጀመሪያው ባለርስት መወለድን በማስረዳት ስለ ነበር፣ የአያቱ ስም የጠፋበት ሰው መሬቱም ይጠፋበታል። በእናት በኩልም መጠየቅ ይቻል ስለ ነበር የሴቶቹም ስም ይያዝ ነበር። እንግዲህ አያቶቻችን አያቶቻቸውን ያስታወሱት በፍቅር ብቻ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይህኛው ምክንያት ቀረ።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ እናንተ ራቁቱን መጥቷል፦ መሬት ለማያወርሰኝ፣ ንጉሥም ሰማዕትም ላልነበረ ሰው ምን ዕዳ አለብኝ?

አንዷን እንውሰድ። እያንዳንዳችሁ 16 ምንዥላቶች አሏችሁ፤ ከእነርሱ አንዷ በ1870 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ታቦር አካባቢ የተወለደች ትሁን። ስም አልሰጣትም፤ ስሟን መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው። እርሷ ከመወለዷ በፊት አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሴባስቶፖልን አሠርተዋል። ሥራውን ከመሩት መካከል በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ወንድሞች ነበሩ፤ ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ የእጃቸውን ሙያ ፈለጉ። በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦር በንጉሡ ትእዛዝ ተቃጠለች፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍም ከጥቅምት እስከ መጋቢት በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ዋልድማየርንና ጓደኞቹን በስም እናውቃቸዋለን። ገመዱን የጎተቱትን፣ ምናልባትም የልጅቷን አባት፣ በስም የጻፈ የለም።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። አራሽ ያለ በሬ ቀረ፤ ጉልበት ያለው በዶማ ቆፈረ። አንበጣው ተከተለ፣ ረሃቡ ተከተለ። ልጅቷ ያኔ አሥር ዓመት ገደማ ናት፤ ተርፋለችም። ባትተርፍ ኖሮ ይህን አታነቡም ነበር።

በምን ተረፈች? ምናልባት ጎረቤት የመጨረሻውን ቁና እህል ለእናቷ አካፍሎ ይሆናል። ምናልባትም እናቷ የጎረቤት ልጅ ደጅ ላይ እያለቀሰ በሯን ዘግታ አብልታት ይሆናል። በዚያ ዘመን ሁለቱም ዓይነት ቤት ነበረ፤ ከሁለቱም ቤት ሰው ተርፏል። ሁለተኛው ከሆነ የእናንተ መኖር ከአንድ የተዘጋ በር ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህን ይዞ ምስጋና መጸለይ ቀላል አይደለም። «አባቶቻችን ሁሉ ደጎች ነበሩ» የሚል ንግግር ስሰማ ያ በር ይታየኛል። «ያለፉት ሁሉ በጨለማ ነበሩ» የሚለውን ስሰማ ደግሞ ያ ቁና።

ከዚያ በኋላ ፈተለች፣ ፈጨች፣ ውኃ ቀዳች፣ ወለደች፣ ከወለደቻቸውም አንዳንዶቹን ቀበረች፤ በመጨረሻም እርሷው ተቀበረች። ድና ነበር ወይ ትሉኛላችሁ። ፈራጁ ጌታ ነው፤ እኔ የእርሱን መዝገብ አልከፍትም።

በየጉባኤው «ታሪክ ቀያሪ ትውልድ» ትባላላችሁ። ቃሉን አልጠላውም፤ ግን በዚህ ሚዛን ይህች ሴት ምንም አትመዝንም፤ ከእናንተም አብዛኞቻችሁ አትመዝኑም። ነህምያ ምዕራፍ 3ን አንብቡ። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል፤ የስም ዝርዝር ነውና። አንዱ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ቅጥር ብቻ ይጠግናል። ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ይሠራል። የቴቁሓውያን ታላላቆች ግን ለሥራው እንዳልጎነበሱ ተጽፎባቸዋል። ያ መዝገብ ታላቅ ሰው የሚለየው በሌላ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን ነህምያም አይመዘግብም፤ ሰው ያላደረገውን። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ወርዳችሁ የጎንደርን መንገድ ይዛችሁ አዲስ ዘመን ስትደርሱ፣ በከተማው አጠገብ ባለው ተራራ ላይ ጣራ ገዳምን ታገኛላችሁ። ዙሪያው እርሻ ነው፤ በገዳሙ ግን ደኑ፣ ወይራው ሳይቀር፣ አለ። ያ ደን የቆመው መነኮሳቱ ስለ ጠበቁት ነው፤ ደግሞም ሞፈሩ የተሰበረበት ገበሬ፣ ማገዶ ያለቀባት እናት፣ ምሳር እያላቸው በአጠገቡ ስላለፉ ነው። ሁሉም አላለፉም፤ የቆረጠም አይጠፋም። ያለፉት ግን ቀን የላቸውም፣ ሐውልት የላቸውም። እምነታቸው ከእኛ በብዙ ይለያል፤ በጥላው ስንቀመጥ ግን የነርሱ ባለዕዳዎች ነን።

እኛ የወንጌል አማኞች ተዝካር አናወጣም። ለሙታን መጸለይን ስንተው ስማቸውን መጥራትንም አብረን ተውነው፤ ይህን ያዘዘን መጽሐፍ የለም። ሴት አያታችሁ በሕይወት ካሉ በዚህ ክረምት ሂዱና አጠገባቸው ተቀመጡ። ስለ ጀግና አትጠይቋቸው። የአያታቸውን ስም፣ የት እንደ ተቀበሩ፣ ስንት ልጅ እንደ ቀበሩ፣ በችግር ጊዜ ከማን እህል እንደ ተበደሩና መልሰው እንደ ሆነ ጠይቋቸው። የሚያሳፍር ነገር ከነገሯችሁም አብራችሁ ጻፉት።