መምህርን ማረም ድፍረት ነውን?

ስለ እስልምና ሥልጣኔ በሚነገርበት መድረክ ሁሉ የኢብኑ ነፊስ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ተናጋሪው «የደም ዝውውርን ከእንግሊዛዊው ሃርቬይ በፊት ያገኘው የእኛ ሰው ነው» ይላል፤ ታዳሚው ተክቢራ ያሰማል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። እኔን ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ለመሆኑ ኢብኑ ነፊስ ያንን እውነት ሲጽፍ የተቃወመው ማንን ነበር? ፈረንጁን አልነበረም። የተቃወመው አሽ-ሸይኽ አር-ረኢስ ተብሎ የሚከበረውን፣ እርሱ ራሱ በኪታቡ የተማረበትንና ያስተማረበትን ኢብኑ ሲናን ነው። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ ከዚህ የሚነሳ ነው፦ ለመምህር ያለን አክብሮት ስህተቱን ከመናገር ያግደናልን?

ጉዳዩ እንዲህ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ጃሊኑስ፣ ደም ከልብ የቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከል ባለው ግድግዳ ውስጥ በሚገኙ፣ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ አስተማረ። በ1037 ያረፈው ኢብኑ ሲናም «አል-ቃኑን ፊጥ-ጢብ» በተሰኘው ታላቅ ኪታቡ ይህንኑ ትምህርት ተቀበለ። ደማስቆ ተምሮ ካይሮ ላይ ያስተማረው ዐላኡዲን ኢብኑ ነፊስ ግን በ1242 ገደማ ባዘጋጀው ጽሑፍ ግድግዳው ድፍን መሆኑን፣ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ እንደሌለው፣ ደም ከቀኝ ወደ ሳንባ ሄዶ፣ እዚያ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ወደ ግራው እንደሚመለስ ገለጸ።

ይህንን የጻፈው በምን ዓይነት ድርሰት ነው? በሸርሕ ነው! በቃኑን ውስጥ ስለ ሰውነት ክፍሎች የተጻፈውን የሚያብራራ ሸርሕ። ከሸኽ ፊት ተቀምጦ የቀራ ሰው የሸርሕን ነገር ያውቀዋል፤ መትኑ አለ፣ ሸርሑ አለ፣ ከዳር ደግሞ ሐሺያው አለ። ብዙዎቻችን ሸርሕ ማለት የታላቁን ሰው ቃል እየተከተሉ «እውነት ብሏል» ማለት ይመስለናል። ኢብኑ ነፊስ የሻፊዒይ መዝሀብ ፊቅህ ያስተምር የነበረ ሰው ነውና የሸርሕን ሥራ ጠንቅቆ ያውቃል። የጌታውን ቃል አንድ በአንድ ተከትሎ ሲያብራራ ቆይቶ፣ ስህተቱ ላይ ሲደርስ ስህተት ነው አለ፤ ከዚያም ማብራራቱን ቀጠለ። ኪታቡን አልጣለም፣ ባለቤቱንም አልሰደበም።

ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የኖረው ዐብዱልለጢፍ አል-ባግዳዲም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። ከ1200 እስከ 1202 ግብፅን የመታው ረሃብ ሰዉን ፈጀው፤ አል-መቅስ በተባለው ስፍራ አጥንት እንደ ኮረብታ ተከምሮ ነበር። ዐብዱልለጢፍ ከተማሪዎቹ ጋር ወደዚያ ወጥቶ ከሁለት ሺህ በላይ የራስ ቅል ተመለከተ። ጃሊኑስ የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ነበር፤ እርሱ ያየው ግን አንድ ነው። ጃሊኑስን እጅግ የሚያከብረው ይህ ሰው፣ ዓይናችን ያየው ከጃሊኑስ ቃል ይልቅ የታመነ ነው የሚል ሐሳብ ጻፈ። በዚያ መቅሰፍት መካከል ይህንን ማስተዋሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር፤ እዚያም ቢሆን መምህሮቹ እነዚሁ ነበሩና። ቃኑን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጦሌዶ ላይ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለዘመናት በዩኒቨርሲቲዎቻቸው ተምረውበታል። በ1527 ፓራሴልሰስ የተባለው ሐኪም ባዝል ከተማ ላይ የኢብኑ ሲናን ኪታብ በአደባባይ እሳት ውስጥ እንደወረወረው ይነገራል። ይህ አንዱ መንገድ ነው፤ መምህርን ማቃጠል። በ1543 ደግሞ ቬሳሊየስ እዚያው ባዝል ባሳተመው ስለ ሰው አካል የሚናገር ባለ ሥዕል መጽሐፍ ጃሊኑስን በብዙ ቦታ አረመው። በፓሪስ ያስተማረው ሲልቪየስ በዚህ ተቆጥቶ ደቀ መዝሙሩን እብድ ብሎ ጻፈበት። ጃሊኑስ አልተሳሳተም፣ የተለወጠው የሰው አካል ነው እስከ ማለትም ደረሰ። የጭን አጥንት ቀጥ ብሎ የተገኘው ሰዎች ጠባብ ሱሪ ስለሚለብሱ ነው ማለቱ ይነገርለታል! እንግዲህ ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው፤ መምህር ከሚሳሳት የአደም ልጅ ሁሉ አጥንት ይጣመም ማለት።

በሲልቪየስ ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን በየሰፈራችን ባለው ክርክር ውስጥ የፓራሴልሰስም የሲልቪየስም ወገኖች እንዳሉ አልሰወርም። አንዱ የአባቶቹን ኪታብ ሳይገልጥ «ይሄ ሁሉ ተቅሊድ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሌላው ሸኹ ተናግረዋልና ማስረጃው ይጠምዘዝ ይላል። ሁለቱም ኪታቡን ላለማንበብ ምክንያት ያገኙ ይመስለኛል።

አንድ ተቃውሞ ሊነሳ እንደሚችል አውቃለሁ። «ይህን በር ከከፈትክ ሁለት ኪታብ የገለጠ ወጣት ሁሉ ዑለማን ልረም ብሎ ይነሳል» የሚሉኝ አሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ኢማሙ ሻፊዒይ የኢማም ማሊክ ተማሪ ነበሩ፤ ተለዩዋቸው። አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ከመምህራቸው ከአቡ ሐኒፋ በብዙ ጉዳይ ተለይተዋል፤ ሐነፊዮች ግን ዛሬም የሦስቱንም ቃል ጎን ለጎን ይቀራሉ። ሻፊዒይ ግብፅ ከገቡ በኋላ የራሳቸውን የቀድሞ አቋም ሳይቀር ለውጠዋል። ኢብኑ ነፊስም ለማረም መብት ያገኘው መትኑን ከሌላው ሰው ይበልጥ በማወቁ ነው። የሰው ሬሳ ከመቅደድ ሸሪዓውና በውስጡ ያለው ርኅራኄ እንዳገዱት ራሱ ጽፏል። ግድግዳው ቀዳዳ የለውም ያለው ሰው ድንበር ጥሶ ሳይሆን ድንበሩን ጠብቆ ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ኩራታችን ልመለስ። የቃኑን ዐረብኛ መትን ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው የት ነው? በ1593 ሮም ላይ፣ ካርዲናል ፈርዲናንዶ ዴ ሜዲቺ በደገፉት ማተሚያ ቤት ነው። ኢስታንቡል ላይ የሙተፈሪቃ ማተሚያ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያወጣው በ1729 ነው። የኢብኑ ነፊስ ሸርሕስ? በእጅ ጽሑፍ እንዳለ ቀረ። በ1924 ሙሕዪዲን አት-ተጣዊ የተባሉ ግብፃዊ ሐኪም ጀርመን አገር ሲማሩ በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አግኝተው የመመረቂያ ጽሑፋቸው አደረጉት። ዓለም ስለ ሳንባው ጉዳይ በሰፊው የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። የምንፎክርበትን ኪታብ ለስድስት መቶ ዓመታት ያህል ከጥቂት ሰዎች በቀር ማን ገለጠው?

በፉከራው ውስጥ ሐሰት መቀላቀሉ ደግሞ ይባስ ያሳዝነኛል። ኢብኑ ነፊስ የገለጸው ደም በሳንባ በኩል ማለፉን ነው፤ ደም በመላው ሰውነት ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ ያስረዳው ሃርቬይ ነው፣ በ1628። «ሰረቁን» የሚለውም ክስ ማስረጃ ይፈልጋል። ደማስቆ ለብዙ ዓመታት የኖረው አንድሬያ አልፓጎ ከኢብኑ ነፊስ ሥራ ተርጉሞ በ1547 ቬኒስ ላይ የታተመለት ክፍል ስለ ውሁድ መድኃኒቶች ነው፤ ስለ ልብ አይደለም። በ1553 የሳንባውን መንገድ የጻፈው ሰርቬተስ በዚያው ዓመት ጄኔቫ ላይ በሃይማኖት አቋሙ ምክንያት ከነመጽሐፉ ተቃጠለ። ከመጽሐፉ ዛሬ የሚታወቁት ሦስት ቅጂዎች ብቻ ናቸው። በሕይወቱ የከፈለን ሰው ያለ ማስረጃ ሌባ ማለት የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ተበዳዩ ሙስሊም ስላልሆነም ኃጢአትነቱ አይቀርም።

ኢብኑ ነፊስ በ1288 ካይሮ ላይ ሲያርፍ ቤቱንና ኪታቦቹን ያወረሰው ሱልጣን ቀላውን ላሠሩት ለመንሱሪ ሆስፒታል ነው፤ ሕመምተኛ ተኝቶ ወደሚታከምበት፣ ሐኪሞችም ወደሚማሩበት ቤት። ወላሁ አዕለም።